ዩሪያውን ከማሰናበቴ በፊት፦ የአንድ ግጦሽ መስክ ማስታወሻ

ቀን 1

ባለፈው ዓመት የሠራሁትን ስህተት ሳልናገር ብጀምር ይህ ማስታወሻ ከመጀመሪያው መስመር ውሸት ይሆናል። ዩሪያ ማዳበሪያውን ባንድ ጊዜ አቆምኩ። ምንም ሳላዘጋጅ፣ "በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አፈሩ ራሱን ይቻል" ብዬ። አፈሩ አልቻለም። በሁለት ወር ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ ላሞቹ ከሱ፣ ወተቱ ወረደ። እኔም ጭራዬን ቆልፌ ወደ ከረጢቱ ተመለስኩ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ዘንድሮ ነገሩን የማየው እንደ ቅጥር ነው። ዩሪያ ሠራተኛ ነው። ከማሰናበቴ በፊት ሥራውን የሚረከበው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። የአረም ማጥፊያውንም፣ የሆድ ትል መድኃኒቱንም እንደዚሁ።

መነሻዬ ይኸው፦ 3 ሄክታር መስክ፣ በአማካይ 350 ኪሎ የሚመዝኑ 9 ከብቶች። በዓመት በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ እበትን ነበር። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ማለት ነው። የትል መድኃኒት ደግሞ ለሁሉም ከብት በዓመት ሦስቴ። የታመመውም ያልታመመውም ይጠጣል።

ብቻዬን አይደለሁም። ሁለት ጎረቤቶቼም በየመስካቸው ይሞክራሉ። አንደኛው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከብት ጋር ስለኖሩ በዚህ ነገር ብዙም አያምኑም። ግን መጥተዋል። "እስኪ እናያለን" ነው ያሉት። ከእሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቀን 2

አፈሩን ለካን። መሣሪያው ሁለቱም ጫፉ የተቆረጠ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ ነው። በመዶሻ አፈሩ ውስጥ ትንሽ ታስገባለህ፣ ከዚያ 444 ሚሊ ሊትር ውሃ ታፈሳለህ። ይህ መጠን 2.5 ሳንቲ ሜትር ዝናብ እንደ መጣል ነው። ሰዓት ይዘህ እስኪሰርግ ትጠብቃለህ።

ከብቶቹ ሁልጊዜ በሚቆሙበት ቦታ 31 ደቂቃ ፈጀ። ቁጭ ብለን ጨዋታ ጀመርን፣ ጨዋታው አለቀ፣ ውሃው ግን እንዳለ ነው። ከአጥሩ ማዶ፣ እግር በማይረግጠው ጥግ ላይ ደግሞ 2 ደቂቃ። ያው አፈር፣ ያው ዝናብ፣ አሥር እርምጃ ርቀት።

ጋሼ ቆርቆሮውን አዙረው አዩትና "ቀዳዳ የለውም?" አሉ። የለውም።

ቀን 5

ዛሬ ሒሳብ ነው። ከብት በቀን ከክብደቷ 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። 9 ከብት በቀን 79 ኪሎ ይመጣል። ሣሩ ምን ያህል እንዳለው ለማወቅ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ሠራሁ። መሬት ላይ አስቀምጬ ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለውን ሣር በመቀስ አጨድኩ። አድርቄ ስመዝነው የአምስት ቦታ አማካይ 26 ግራም ሆነ። በካሬ ሜትር 105 ግራም ገደማ ነው።

ስለዚህ 1,500 ካሬ ሜትር ቦታ 157 ኪሎ ይሰጣል፣ ለሁለት ቀን ልክ። መስኩን 20 ቦታ ከፈልኩት። አንዱ ክፍል ሁለት ቀን ይበላል፣ 38 ቀን ያርፋል። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል።

የታችኛው 8 ሳንቲ ሜትር የማይነካበት ምክንያት አለው። ብዙ ሣሮች መልሰው የሚያቆጠቁጡበትን ስንቅ የሚያስቀምጡት ግንዳቸው ሥር ነው። እዚያ ድረስ የተጋጠ ሣር በባዶ ቤት እንግዳ እንደመቀበል ይሆንበታል። ሌላም አለ፦ የሆድ ትል እጮች አብዛኞቹ የሚገኙት ከሣሩ በታችኛው ክፍል ነው። ከብቷ አፏን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ትል ታነሳለች።

ቀን 8

ክፍሎቹን የሚለየው የኤሌክትሪክ አጥር ተተከለ፦ ቀጭን ሽቦ ያለበት ገመድ፣ ችካልና ኃይል የሚሰጠው ማሽን። ማሽኑ የሚልከው አጭር ምት ነው፤ የቤት መብራት መስመርን በቀጥታ ሽቦ ላይ ማሰር ገዳይ ነው፣ ማንም እንዳይሞክረው።

ከሰዓት በኋላ አንዷ ጊደር በገመዱ መሃል ሰተት ብላ አለፈች። ነገር ዓለሙን የረሳች ትመስላለች። ለካሁት፤ 1,200 ቮልት። ለከብት ቢያንስ 3,000 ያስፈልጋል። ማሽኑን ረገምኩ፣ የሸጠልኝን ሰው ረገምኩ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ለኧርዙ (ለመሬት መስመሩ) አንዲት አጭር ብረት ብቻ ነበር የቀበርኩት፣ ያውም ደረቅ መሬት ውስጥ። ከብቷ ሽቦውን ስትነካ ምቱ በእሷ አልፎ በአፈሩ ወደ ማሽኑ መመለስ አለበት። መመለሻ ከሌለው ምት የለም። ሦስት ረጃጅም ብረቶች በ3 ሜትር ርቀት ቀበርኩ፣ ውሃ አፈሰስኩባቸው። 5,800 ሆነ።

ጊደሯ ማታ ተመልሳ በአፍንጫዋ ሞከረችው። ከዚያ ወዲህ ለገመዱ ያላት አክብሮት ለእኔም ቢኖራት ደስ ይለኝ ነበር።

ቀን 9

ጀመርን። ክፍል 1 ገቡ።

ቀን 14

በዚህ ሳምንት የተማርኩት ትልቁ ነገር ከአንድ ቀይ ክር ነው። አሮጌው ልቅ ግጦሽ ላይ፣ ጋሼ እስካሁን ባልከፈሉት መስካቸው፣ የተጋጠ አንድ የሣር ግንድ መርጬ ሥሩ ላይ ክር አሰርኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሳንቲ ሜትር የምትሆን፣ ለስላሳ፣ ፈካ ያለ አረንጓዴ ቅጠል አውጥቷል። በአምስተኛው ቀን ስመለስ ክሩ አለ፣ ቅጠሉ የለም። ያቺኑ ቡቃያ መልሰው ነጨዋት። ከብት ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ለስላሳውን ትመርጣለች። አጠገቡ ጉልበት የሚደርስ ሻካራ ሣር ቆሟል፣ ማንም አልነካውም።

መስክ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ከብት በዝቶ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛው ንክሻ ቶሎ መጥቶ ነው። ፈረንሳዊው ገበሬና የባዮኬሚስትሪ ሰው አንድሬ ቮዋዛን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኖርማንዲ ውስጥ የራሱን ላሞች እያየ የደረሰበት ይኸው ነው። ከብት አንድ ክፍል ውስጥ ያቆጠቆጠውን መልሳ እስክትበላ መቆየት የለባትም፤ ሣሩም ስንቁን እስኪሞላ ማረፍ አለበት። የቀረው ሁሉ የአጥር ጉዳይ ነው።

ክሩን ለጋሼ አሳየኋቸው። ብዙ አልተናገሩም። በማግስቱ ችካል ሊዋሱ መጡ።

ቀን 16

ዩሪያውን የሚተካው ክሎቨር ነው፤ ሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች የአየርን ናይትሮጅን የሚይዝ የመኖ ተክል። ከብቶቹ ከመግባታቸው በፊት በየክፍሉ ዘሩን እበትናለሁ፤ በኮቴያቸው ይጫኑታል። ዘሩን መጀመሪያ ለክሎቨር በሚስማማው ባክቴሪያ አሸሁት። የሌላ ጥራጥሬ ባክቴሪያ አይሠራለትም።

ክፍል 11 ላይ ብቻ እንደ ድሮው ሙሉ ዩሪያ በትኛለሁ። ማነጻጸሪያ ነው። ሌሎቹ ይጠብቁ።

ቀን 24

የውሃ ገንዳው ችግር ሆነ። አንድ ቦታ ስለተከልኩት ዙሪያው ጭቃ ብቻ ነው። የባሰው ግን እበቱ ነው፤ ግማሹ እዚያ ተከምሯል። ከብት ከበላችው ናይትሮጅን ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን በሽንትና በእበት መልሳ ትጥላለች። ማዳበሪያው በእጄ አለ ማለት ነው፤ ገንዳውና ጥላው ሥር እያከማቸሁት እንጂ። ከመስኩ አንሥቼ ጭቃ ውስጥ እጥለዋለሁ፣ ከዚያ ለመስኩ ከረጢት እገዛለሁ። ስንት ዓመት?

ቀላል ገንዳ ከጎማ ቱቦ ጋር አገናኘሁ። ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ነው። ከከብቶቹ ጋር ይዞራል። 9 ከብት በሞቃት ቀን እስከ 500 ሊትር ስለሚጠጡ ቱቦው ቀጭን መሆን የለበትም። ይህንንም በሁለተኛው ገንዳ ነው ያወቅኩት።

ቀን 49–57

40 ቀኑ አለቀ፣ ወደ ክፍል 1 ተመለስን። ሣሩ አልደረሰም።

ቁጥሬ ትክክል ነበር፤ ሣሩ ግን ቁጥሬን አላነበበም። ሁለት ሳምንት ዝናብ ቀንሶ ነበር፣ እድገቱም ቆመ። ራይግራስ በሚባለው የግጦሽ ሣር ላይ የሚሠራ ጥሩ ምልክት አለ፤ ከተጋጠ በኋላ ከአንዱ ግንድ ሦስት አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ደርሷል። እኔ ስቆጥር ሁለት ነው፣ ሁለተኛውም ገና አልተዘረጋም። ሌሎች ሣሮች የየራሳቸው ልክ አላቸው፣ ዞሮ ዞሮ ሣሩን መጠየቅ ነው።

ፍጥነቱን ቀድሞ መቀነስ ነበረብኝ። አሁን ስምንት ቀን ሙሉ አንድ የተጎዳ ክፍል ላይ ሰብስቤ ድርቆሽ አበላኋቸው። ያ ክፍል ተረገጠ፣ እሺ። 19ኙ ግን ዳኑ። ድሮ ብሆን "ሣር አጠረ" ብዬ ሁሉንም ነበር የምለቅላቸው፣ 20ውም ነበር የሚጎዳው።

ከእንግዲህ የምዞረው በቀን ቁጥር አይደለም። በየሳምንቱ መስኩን በእግሬ እዞራለሁ፤ የደረሰው ክፍል ቀጣዩ ይሆናል።

ቀን 61

ዛሬ አካፋ ይዤ ወጣሁ። ከክፍል 6 አንድ የክሎቨር ተክል ከነአፈሩ አንሥቼ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። አፈሩ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሥሩ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ እብጠቶች ታዩ። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት። ውስጡ ሮዝ ነው። የጥሬ ሥጋ ቀለም።

ያ ቀለም ከደማችን ቀለም ጋር ዝምድና አለው። እብጠቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የአየርን ናይትሮጅን ለመያዝ ኦክስጅን ሊበዛበት አይገባም፤ ተክሉ ለዚህ ሲል ሄሞግሎቢንን የመሰለ ነገር ይሠራል። ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ፈቷል።

ከዚያ ወደ ክፍል 11 ሄድኩ፣ ዩሪያ ወዳለበት። ክሎቨር ለማግኘት ራሱ ፈልጌ ነው። ሣሩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከላዩ አፍኖታል። ያገኘኋትን ነቀልኳት። እብጠቶቹ ጥቂት፣ ትንንሽ። ሰነጠቅኩ። ነጭ።

እዚያው ተቀመጥኩ። ዓመታት ሙሉ "ይሄ መሬት ያለ ዩሪያ አይሆንም" ስል ኖሬያለሁ። እውነት ነበር፤ ግን እንዲያ ያደረገው ዩሪያው ራሱ ነበር። ክሎቨር አፈሩ ውስጥ የተዘጋጀ ናይትሮጅን ካገኘ ባክቴሪያውን ለመቀለብ አይደክምም። ሣሩ ደግሞ በዩሪያው ፈርጥሞ ብርሃን ይከለክለዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ክሎቨሩ ይቀንሳል፣ በየዓመቱ ከረጢቱ የበለጠ ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ባንዴ ሳቆም የወደቅኩትም ለዚህ ነው። አንዱን አባረርኩ፣ ሌላው ቀድሞ ተባሮ ነበር።

ፋብሪካውን ለማጣጣል አይደለም። ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ፋብሪካ የሆነው፣ የአየርን ናይትሮጅን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጠው ዘዴ ዛሬም የዓለምን ብዙ ሕዝብ ያበላል። ግን በ400 እና 500 ዲግሪ ሙቀት መካከል፣ በከባድ ግፊት የሚሠራውን ነገር ይህቺ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል እብጠት እርጥብ አፈር ውስጥ ዝም ብላ ትሠራዋለች። የምትጠይቀው እንዳናፍናት ብቻ ነው።

ቀን 75

ፍሬሙን በየክፍሉ አሥር ቦታ እየጣልኩ የክሎቨሩን ድርሻ ገመትኩ። 8 ክፍሎች ከ30 በመቶ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ እርጥበት የሚይዙት የታችኞቹ ናቸው፤ ክሎቨሩ እዚያ ድሮም ነበር፣ ታፍኖ ነው እንጂ። ለእነዚህ ዩሪያ የለም። 11 ክፍሎች ግማሽ ያገኛሉ። ክፍል 11 ሙሉውን ይዞ ይቀጥላል።

ድምሩ፦ 300 ኪሎ የነበረው 97 ኪሎ ተኩል።

ቀን 91

መጥፎ ቀን። ጠል ያረገዘ ክሎቨር ላይ የተራቡ ላሞችን አስገባሁ። አንድ ሰዓት አልሞላም። አንዷ ጥገት መብላት አቁማ ቆመች፣ በግራ በኩል ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ክሎቨር ሆድ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ጋዙን ይይዘዋል፣ ማግሳት አትችልም። ሐኪም ጠራን። እስኪመጣ የምግብ ዘይት አጠጣናት፣ አረፋውን ይሰብራል። ጋሼ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ አቁመዋት ሆዷን ያሹ ነበር። እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ተርፋለች። ሐኪሙ ሲሄድ ጋሼ ዞረው አዩኝና "ልጄ፣ ሣር ማንበብ ተማርክ። ሆድ ማንበብ ቀረህ" አሉኝ። ምን እላለሁ?

አሁን ሕጉ ይሄ ነው፦ ክሎቨር የበዛበት ክፍል ከመግባታቸው በፊት ድርቆሽ ይበላሉ፣ ጠሉም ይደርቃል። ክሎቨሩም ከግማሽ በላይ እንዳይሆን እጠብቃለሁ።

ቀን 92

በልታለች። አመሰኳች። እኔም በላሁ።

ቀን 120

እበት ስገለብጥ ዋልኩ። ባለቤቴ ከሩቅ አይታኝ አዝናልኛለች።

የምፈልገው ጥንዚዛ ነው። የአራት ቀን እበት በእንጨት ገለበጥኩ፤ ከላይ ደርቋል፣ ከሥሩ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል፣ አጠገቡ የተቆፈረ አፈር አለ። ጥንዚዛዎቹ እበቱን ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ለልጆቻቸው ስንቅ ነው። ለኔ ደግሞ ማዳበሪያ መቅበሪያም፣ ውሃ ማስረጊያም፣ የዝንብ መቀነሻም ነው። ጥንዚዛ ከሌለ ምን እንደሚሆን አውስትራሊያ አይታለች። የዚያ አገር ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ዓይነት ደረቅ ፍግ ነበር፤ ከውጭ የመጣው ከብት እበት ግን መስኩ ላይ ተቆልሎ ይቀር፣ ዝንብ ይፈላበት ነበር። ጆርጅ ቦርኔሚሳ የተባለ ሃንጋሪ የተወለደ ሳይንቲስት ባነሣው ሐሳብ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የውጭ ጥንዚዛዎች እየመጡ ተለቀቁ።

እኔ ጋ ጥንዚዛው ነበር፣ የገደልኩት እኔ ነኝ። የትል መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ከከብቷ ሆድ በእበት ይወጣል፣ እበቱ ውስጥ ለሳምንታት ቆይቶ የጥንዚዛውን እጭ ይገድላል። መድኃኒቱ ራሱ የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ ይገርመኛል። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ባክቴሪያውን ከአፈር አወጣ፣ ዊልያም ካምቤል መድኃኒትነቱን አሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ይገባቸዋል። ጥፋቱ ለሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ ሳያዩ መስጠት ነው። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱን የለመዱ ትሎችም ይበረክታሉ።

አሁን እበት በላስቲክ ይዤ ወደ እንስሳት ላቦራቶሪ እወስዳለሁ። የትሉን እንቁላል ይቆጥራሉ። ጤነኛ ትልልቅ ላሞች ባብዛኛው ራሳቸው ይቋቋሙታል። ጥጃና ከሲታ ግን ይጠበቃሉ። እስካሁን መድኃኒት የሰጠሁት ለሁለት ብቻ ነው።

ቀን 152

ዝናብ። አጥር ተበጠሰ፣ ተቀጠለ። ሌላ ወሬ የለም።

ቀን 198

ደረቁ ወቅት ገባ። እድገት የለም፣ ስለዚህ ዙር የለም። በጥሩ ጊዜ ካጨድነው ድርቆሽ እያበላሁ ነው፤ ግን ገንዳ ላይ አላበላም። ድርቆሹን በየቀኑ ደካማው ክፍል ላይ፣ ቦታ እየቀያየርኩ እዘረጋለሁ። የሚበላው ይበላል፣ የሚወድቀው መሬቱን ይሸፍናል፣ እበቱም እዚያው ይቀራል። ካለኝ መላ ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው አረማሞ ጥግ አስቀንቶኝ ነው።

ቀን 247

ስለ አረም። አጭር ጊዜ ተጠጋግተው ሲበሉ ከብቶቹ ብዙ አይመርጡም፤ ድሮ የሚያልፉትን አረም ለጋ ሳለ አብረው ይነጩታል። ግማሹ ችግር በዚህ ቀለለ። አሜከላው ግን ቆሟል። እሱን በአካፋ እየነቀልኩ ነው፣ አበባው ዘር ሳይሆን። ሁለት ሙሉ ቀን ወሰደብኝ፣ ወገቤም መሰከረ። የረጨሁት ነገር የለም። ቢበረታብኝ ኖሮ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ እረጭ ነበር፤ ቃለ መሐላ አልፈጸምኩም።

ቀን 305

የአፈር ምርመራ ውጤት መጣ። ፎስፈረስ ዝቅ ብሏል። ይህንን አሽሞንሙኜ ማለፍ አልፈልግም። ናይትሮጅን ከአየር ይመጣል፤ ፎስፈረስ ከአየር አይመጣም። በወተትና በሥጋ ከመስኩ የሚወጣው በሌላ መንገድ ካልተመለሰ ይጎድላል። ክሎቨሩ ደግሞ ያለ ፎስፈረስ ናይትሮጅን አይዝም። ከበረቱ የተጠራቀመውን ፍግ ጎዶሎዎቹ ክፍሎች ላይ በትነናል፣ ለጥቂቱ ደግሞ የፎስፈረስ ማዳበሪያ እገዛለሁ። "ምንም ከውጭ አላስገባም" የሚል ገበሬ ካያችሁ ምን ወደ ውጭ እንደሚያስወጣ ጠይቁት።

እግረ መንገዴን፣ በግጦሽ የዓለም ሙቀት ይቀለበሳል የሚለውን ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የዚምባብዌው የግጦሽ ባለሙያ አለን ሴቨሪ በዚህ ስሙ ገንኗል፣ ብዙ ተመራማሪዎችም አጥብቀው ተከራክረውታል። የአፈር ካርቦን ለውጥ ቀርፋፋ ነው፣ በአንድ ዓመት የአካፋ ናሙና አይታወቅም። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው ደቂቃና ከረጢት ነው።

ቀን 338

ቆርቆሮውን ይዘን ወጣን። ያው ቦታ፣ ያው 444 ሚሊ ሊትር። ጋሼ ሰዓቱን ያዙ። 12 ደቂቃ። ከአጥሩ ማዶ ካለው 2 ደቂቃ ገና ሩቅ ነው፤ ከ31 ግን መጥቷል። ክፍል 11 ላይ ደግሞ 19 ሆነ። እሱም ተሻሽሏል፤ እረፍቱን እኩል አግኝቷላ።

ሣሩ ግን ክፍል 11 ላይ አሁንም ይበልጣል። ፍሬሙ 31 ግራም አለ፣ ጎረቤቱ ክፍል 12 ግማሹን ዩሪያ ይዞ 27፣ ምንም ያልተበተነበት ክፍል 6 ደግሞ 28። የሦስት ግራም ልዩነት ለአንድ ሙሉ ከረጢት ያዋጣል ወይ የሚለውን ማታ ከባለቤቴ ጋር ስናሰላ አመሸን። እሷ አያዋጣም ባይ ናት። የትል መድኃኒቱ በዓመት ከ27 ወደ 4 መውረዱ ላይ ግን ክርክር የለንም።

ጋሼ የክፍል 11ን ሣር ጨብጠው አዩና "ይሄንን ልቀቀው አትበል፣ እንደ ማነጻጸሪያ አንድ ዓመት ይቆይ" አሉ። የራሳቸውን መስክ 14 ቦታ ከፍለውታል። ቀይ ክርም ኪሳቸው ውስጥ አየሁ።

ነገ ጠዋት ክፍል 4። ቡቃያው ሦስተኛ ቅጠሉን ዘርግቷል፣ ጊደሯም ገመዱ ጋ ቆማ እየጠበቀች ነው።